አክስሉ ላይ የተውኩት ምልክት

ጎሮ ውስጥ መኪናዬን የማሠራበት ጋራዥ ግድግዳው ሥር አምስት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሦስቱ ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱ ድሮ ነጭ ነበሩ። መኪናውን ያመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይቀመጥና ዓይኑን ከመካኒኩ እጅ ሳይነቅል ይውላል። ስልኩን የሚነካካው እንኳ በየደቂቃው ቀና ይላል። ምክንያቱን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዘወር ካልክ ደህናው ዕቃህ ይወጣና የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ ይገጠምልሃል ተብሎ ይታመናል። በዚህ ከተማ መኪና ያለው ሰው ወይ ዕቃ ተቀይሮበታል፣ ወይ የተቀየረበት ሰው ያውቃል፣ ወይ ደግሞ ተቀይሮበት ገና አልሰማም።

እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ባለ ጋራዡ አይፈቅዱልኝም። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ቁልፉን ይቀበሉኝና "አንተ ደግሞ እዚህ ምን ይገትርሃል? ሂድ ሥራህን ሥራ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ" ብለው ያባርሩኛል። አባቴንም እንዲሁ ያባርሩት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺን ፒክአፕ ከእሳቸው ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። አባቴ ሲሞት መኪናዋን ከነመካኒኳ ወረስኩ ማለት ይቻላል። ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋራዡ ስሄድ ሳል ይዞኝ ነበር። "ይሄ የአባትህ ሳል ነው! እሱም ሹራብ አልለብስም እያለ ነው እንዲያ የሆነው። ደረትህን ሸፍን!" ብለው በሰው ፊት ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ ባሳልኩ ቁጥር ይቆጡኛል። እናቴም ካረፈች ቆይታለች፤ እንደ ልጅ የሚቆጣኝ ሰው ከእሳቸው ሌላ አልቀረኝም።

ችግሩ እንጀራዬ መጠርጠር መሆኑ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት ውስጥ ንብረት ተቆጣጣሪ ነኝ። የወንበር እግር ሥር ቁጥር ስጽፍ፣ ፕሪንተር ገልብጬ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መስማማቱን ሳመሳክር ነው የምውለው። ይህን ሥራ ዓመታት የሠራ ሰው ቤቱ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል እንጂ ጥርጣሬውን አያወልቅም። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄ ሰውዬ እኮ በሠርጋችን ዕለት ቀለበቱን ነክሶ ያየ ነው" እያለች ታስቅብኛለች። ውሸቷን ነው። የነከስኩት ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ነው።

ፒክአፗ ባለ አንድ ጋቢና ናት፤ ሲያስፈልግ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። የኋላ ጎማዎቿ መሃል አረንጓዴ ነው፤ አባቴ የግቢያችንን በር ቀብቶ የተረፈውን ቀለም እንዳይደርቅበት ብሎ እዚያ ጨረሰው። አዘቦት ቀን ቆማ ትውልና ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን ድንች ወደምናለማበት መሬት እንሄድባታለን። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፣ ክረምት ላይ ጎማ ይውጣል። ባለፈው ክረምት እዚያ ጭቃ ውስጥ ድንች እንደጫንን ከኋላ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። የኋላው እንቢ ሲል በፊት ጎማዎቿ እያስጎተትኳት እንደምንም ከተማ ገባን። ጋሼ ፈትተው አዩ። አክስሉ ነው፤ ከዲፈረንሻሉ ጉልበት ተቀብሎ ጎማውን የሚያዞረው ረጅሙ ብረት፣ የቀኙ፣ ለሁለት ተቆርጧል።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"ዕድሜ ነው፣ ጭነት ነው። ጎማውን ጭቃ ይዞት አንተ ነዳጅ ስትረግጥ ብረቱ ምን ያድርግ?"

ስብርባሪውን በጆንያ ጠቅልለው አንድ ጥግ አስቀመጡት። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ነገሩ የመጣብኝ። ከዓመት በፊት የዚያኑ የቀኝ ጎማ ኩሽኔት ሲቀይሩ አክስሉን አውጥተውት ነበር። እኔ አልነበርኩም፤ እንደ ልማዳቸው አባርረውኛል። አባቴ ሃያ ዓመት ሲነዳት ያልተሰበረ ብረት፣ እሳቸው በነኩት በዓመቱ ተሰበረ። ምነው ያኔ ሥራህን ሥራ ብለው ገፋ አደረጉኝ? ምነው ስብርባሪውን ለእኔ አልሰጡኝም? ምነው ጠቀለሉት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ዕድሜ ልኩን ያመናቸው ሰው ሌባ ናቸው ወይስ አይደሉም? ዕቃው አልነበረም ያንገበገበኝ። ሌባ ከሆኑ አባቴን ሃያ ዓመት አሞኝተውታል፤ የእኔም ሳል ያሳሰባቸው ለማስመሰል ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አዲስ አክስል ልንመርጥ የተቀመጥን ዕለት ታዲያ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር የማዳምጣቸው።

"ጠንከር ያለ ነው የምፈልገው" አልኳቸው። "ሁለተኛ የማይሰበር።"

"ሁለቱንም ጎን ቀይር፣ የግራውም እኩያው ነው። ግን ከመጠን በላይ አታጠንክረው። አክስሉ እንቢ ካለ ጉልበቱ ዲፈረንሻሉ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ያኔ ጥርሱን ነው የምትለቅመው። ወፍራሙን ልግጠም ካልክ ደግሞ የጥርሱ ቁጥር ይለያል፣ ውስጡ ሁሉ መቀየር አለበት። እኔን ከሰማኸኝ ከእህቷ፣ ከዚያው ሞዴል መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ፈልገን እንግጠም። አሮጌ ቢሆንም ብረቱ የድሮ ነው።" ቀጠሉና፣ "የማውቀው ሰው አለ" አሉ።

የማውቀው ሰው አለ! ይህን ንግግር ሰምቶ ኪሱን ያልደባበሰ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ትናንት የገባ መሆን አለበት። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ። ደህናው ከእኔ መኪና ይወጣል፣ ለሚያውቁት ሰው ይሄዳል፣ የሚያውቁት ሰው ደግሞ መልሶ ለእኔ ይሸጥልኛል። ምናልባትም የራሴኑ አክስል ልገዛ ነው። ለስለስ ብዬ "አስብበታለሁ ጋሼ" አልኩና ወጣሁ። እሳቸው ወደ ሥራቸው ተመልሰው መዝሙር ማንጎራጎር ጀመሩ። ሁልጊዜም ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ። ያን ቀን መዝሙሩም አላማረኝም።

ለሦስት ሳምንት ያህል ስልኬ ላይ ተተክዬ ከረምኩ። ባሕር ማዶ ያሉ ጢማም ሰዎች መኪናቸውን ሆን ብለው ረግረግ ውስጥ ከትተው አክስል የሚሰብሩበትን ቪዲዮ አየሁ። የብረት ዓይነት ተማርኩ፣ ውፍረት ለካሁ፣ ጥርስ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ስታይ ቆይታ "የምንጭነው ድንች መሆኑን ለሰዎቹ ነግረሃቸዋል?" አለችኝ። ሳቋ ሲያበቃ ግን "ጋሼን ለምን አትሰማቸውም?" ብላ ጠየቀች። ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

በመጨረሻ በስልክ ያገኘሁት አንድ አስመጪ ቦሌ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ካለ ካፌ ፊት ለፊት ቀጠረኝ። ወጣት ነው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ቅባት በጠጣ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት አክስሎች አሳየኝ።

"ብራዘር፣ ሳይዙ ሴም ነው፣ ጥርሱም ሴም ነው። ማቴሪያሉ ነው ዲፈረንት። ሄቪ ዲዩቲ ነው በቃ። ካልገጠመ ይዘኸው ና፣ ኖ ፕሮብሌም።"

ማግኔት አስጠጋሁበት፣ ለካሁት፣ አሸተትኩት ማለት ይቻላል። እንከን ባጣበት እንከን ማጣቱን ጠረጠርኩ። ደረሰኝ ሳልጠይቀው ሲሰጠኝም ጠረጠርኩ። ቢሆንም "የማውቀው ሰው" ከሚባለው ይሻላል ብዬ ገዛሁ።

አሁን የቀረኝ ወጥመዱ ነበር። ሥራ ቦታ ማንኛውም ዕቃ ላይ ምልክት ሳላደርግ አላሳልፍም፤ አክስሎቹንስ እንዴት እንዲሁ አስረክባለሁ? ቀለም ብቀባ ዕቃ ሲያጥቡ በነዳጅ ያስለቅቁታል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ሞረድ ይዤ ቁጭ አልኩ። ብረቱ ጠንካራ ነውና ሞረዱ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ከጎረቤት የበር ብየዳ ቤት ግራይንደር ተዋስኩና በእያንዳንዱ አክስል ወገብ ዙሪያ ሦስት ሦስት መስመር አስገባሁ፤ ጥፍር ሲገባበት የሚይዝ፣ ጥልቅ ያለ። የመስመሮቹ ዳር ከሙቀቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆነ። የበለጠ እንደሚለይልኝ አስቤ ደስ አለኝ። እንደ ዕቅዴ፣ ትንሽ ቆይቼ አንድ ሌላ ጋራዥ አስፈትቼ አያለሁ። ሦስቱ መስመር ካለ አባቴ ትክክል ነበር፤ ከሌለ ጋሼ አለቀላቸው።

ጋሼ አክስሉን ተቀብለው በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉትና ድምፁን አዳመጡ። "ጥሩ ብረት ነው። ደህና ገዝተሃል" አሉ፤ እኔ እንደጠበቅኩት አልተኮሳተሩም። ከዚያ በመዳፋቸው ከጫፍ ጀምረው ዳሰሱትና አውራ ጣታቸው መስመሮቹ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሲገዛም ነበረው" አልኩ። "የፋብሪካ ምልክት መሰለኝ።"

"ፋብሪካ እዚህ ቦታ ላይ አይነካም። ብረት ሲጠመዘዝ ጭረት ካለበት ከዚያ ነው የሚጀምረው። ለሰውዬው መልሰህ አስቀይረው። ካልሆነም ቶርኖ ቤት ወስጄ ላለስልሰው፣ ነገ ይደርሳል።"

"አይ! አይንኩት ጋሼ!"

ከሚገባው በላይ ጮኼ ነበር። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቀና አሉ። ጋሼ ዓይን ዓይኔን አዩኝና "እሺ፣ ዕቃው ያንተ ነው" ብለው ገጠሙት። እኔ ግን ከጋራዡ የወጣሁት ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው ነው። ምልክቱን ለማጥፋት ሞከሩ! ላለስልሰው አሉኝ እኮ! ቤት ስገባ ለባለቤቴ በድል አድራጊነት ነገርኳት። እሷ ግን "ለሰውዬው አስቀይር ነው ያሉህ፣ አልወሰዱብህም። ሌባ እንዲህ ያደርጋል?" አለች። ደህና ሌባ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ ዘጋሁት።

ሌላ ጋራዥ ወስጄ የማስፈተሽበት ቀን ሳይመጣ ጥቅምት ገባ። መንገዱ ደርቋል። የመጨረሻዎቹን የድንች ጆንያዎች ጭነን ከማሳው ወደ አስፋልቱ የምታወጣውን ዳገት ስናጋምስ ያው ድምፅ መጣ። ጭቃ የለ፣ የሚይዝ ነገር የለ፤ ብቻ ጧ! ሞተሩ ጮኸና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላችን ገደል ባይሆንም ጥልቅ ቦይ አለ። ፍሬን እንደያዝኩ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ወረደች፣ በሁለት እጇ ያቀፈችውን ድንጋይ ከጎማው ኋላ ወርውራ ታኮ አደረገችልኝ። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ጆንያዎቹን አራግፈን በፊት ጎማ ብቻ ወጣን።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ግን ፈነዳሁ። "ቀይረውታል! ጠንካራውን አውጥተው እንትን ገጥመውልኝ ሊገድሉን ነበር!"

"አላየህም እኮ።"

"ማየት አያስፈልገኝም።"

"አባትህ ቢኖሩ እንዲህ አይሉም ነበር።"

"አባቴማ ተላላ ነበር" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ደነገጥኩ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እስከ ቤት ድረስ አልመለሰችውም።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ስገባ አምስቱም ወንበሮች ሞልተዋል። ጋሼ አንድ ሞተር ላይ አጎንብሰው እያንጎራጎሩ ነበር። ሰላምታም አላቀረብኩም።

"ያ አክስል ተሰብሯል። ዛሬ ዓይኔ እያየ ይፈቱት። ምልክት አድርጌበታለሁ፣ መቀየር አለመቀየሩ አሁን ይታያል።"

መዝሙሩ ቆመ። ከወንበሮቹ ሁለት ሰዎች ብድግ ብለው ጠጋ አሉ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና መኪናዋን በክሪክ አነሱ። ጎማው ወጣ። የፍሬኑ ታምቡር ወጣ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱና የተሰበረውን አክስል ስበው፣ ውስጥ የቀረውንም ቁራጭ ለቅመው፣ በነዳጅ አጥበው በርሜል ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። "እይ" አሉ።

ሁለት መስመሮች እንዳሉ ነበሩ። ዳራቸው ሰማያዊ ነው፣ የእኔው ሥራ። ሦስተኛውን ፈለግኩት፤ የለም። ሁለቱን ቁራጭ አንስቼ ሳጋጥማቸው ነው የገባኝ። ሦስተኛው መስመር ራሱ ስብራቱ ነበር። ብረቱ ዙሪያውን በመስመሩ ላይ ተከትሎ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ልስልስ ብሎ ነበር የተለያየው።

ጋሼ ወደ ጥግ ሄደው ያን የጠቀለሉትን ጆንያ አምጥተው ፈቱት። የመጀመሪያው አክስል ነው። ከመሰበሩ በፊት እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዟል። ጎማው በሚታሰርበት ጫፉ ላይ የግቢያችን በር አረንጓዴ ቀለም ደርቆ ተጣብቆበታል።

"ይሄ የአባትህ ነው፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው። ይህን ያህል ታግሎ ነው የተሰበረው። ለልጁ አንድ ቀን አሳየዋለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት" አሉ። ቀጥለው የእኔን ቁራጭ በጣታቸው ነኩ። "ይሄም ብረቱ ጥሩ ነበር። ሻጩም አላታለለህም።"

ሃፍረቱ ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝ። አስመጪው አላታለለኝም። የተፈታ ዕቃ ያለው፣ ጋሼ የሚያውቁት ሰውም የበደለኝ ነገር የለም። ጋሼም ዕቃዬን አልቀየሩም። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የዋሸው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም "ሲገዛም ነበረው" ያለው ነው። ባለቤቴን ቦይ ውስጥ ልከታት ምንም ያህል አልቀረኝም።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ምንም አይደል።" የግራውም መውጣት እንዳለበት ነገሩኝ፤ እሱም ሦስት መስመር አለበትና። ከዚያ ለሚያውቁት ሰው ደወሉ። ከተፈታ መኪና የወጣ ጥንድ ኦሪጅናል አለ አሉ። እኔም ምንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

ሐሙስ ዕለት አክስሎቹ መጡ። ቁልፉን ለጋሼ ሰጥቼ እንደ ወትሮዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ሲያባርሩኝ ለመስማት ቸኩዬ ነበር፤ እንዲያውም ያን ዕለት ቢሰድቡኝም ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼ ግን ከግድግዳው ሥር አንዱን ሰማያዊ ወንበር አንስተው፣ በጨርቅ አቧራውን ጠርገው፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ አምጥተው አስቀመጡት።

"ይቀመጡ" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ሥራ አለብኝ እኮ።"

"ግድ የለም፣ ይቀመጡ። ዓይንዎ እያየ ነው የምሠራው።"

ተቀመጥኩ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም። እያንዳንዱን ዕቃ ከመግጠማቸው በፊት ወደ እኔ አዙረው፣ ፊቱንም ጀርባውንም ያሳዩኛል፤ አየሁ እስክል ይጠብቃሉ። እኔ አየሁ እላለሁ እንጂ ዓይኔን ከመሬቱ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። አያንጎራጉሩም ነበር። ከሰዓት ላይ አጠገባችን ሌሎች ሠራተኞች ብረት ሲቆርጡ አቧራው ደረቴ ገባና ሳል ያዘኝ። ረጅም ሳል ነው፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር። ጋሼ እጃቸው ላይ ብሎን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ጠበቅኩ።

ጎንበስ አሉና ብሎኑን ማሰር ቀጠሉ።